ላብራቶሪ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ውስጡ ያላችሁ ንገሩኝ

ፍሬሽ ዘንድሮ

ሰላም እንዴት ናችሁ። የፍሬሽማን ዓመቴን ልጨርስ ነው፣ በቅርቡ ዲፓርትመንት እንሞላለን። ሜዲስን በውጤቴ አይደርሰኝም፣ እሱን እርሱት። የቀሩኝ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ሚድዋይፈሪና ሜዲካል ላብራቶሪ ናቸው። ልቤ ያለው ላብራቶሪ ላይ ነው። ባዮሎጂ እወዳለሁ፣ ደግሞ እውነቱን ልናገርና ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ማውራት አልችልበትም።

ቤት ግን ጦርነት ነው። አባዬ «የሰው ሽንት ስታዪ ልትውዪ ነው ያስተማርኩሽ?» ይለኛል። አክስቴ ነርስ ናት፣ እሷ ደግሞ ላብ የገባ ሰው እዚያው ይቀራል፣ ሥራም የለም፣ ማሽን ሁሉን ጨርሶታል ትላለች። እናንተ ውስጡ ያላችሁ፣ ቀኑ ምን ይመስላል? ሥራስ ይገኛል ወይ? ሌላው ደግሞ እንዳትስቁብኝ፣ ደም ሳይ ትንሽ ያዞረኛል። ይሄ ይለቃል ወይስ ባይሆንልሽ ይሻላል የሚል ምልክት ነው? ሳታሞካሹ ንገሩኝ።

የሌሊት ተረኛ

አሁን ከዲዩቲ ወጥቼ ነው የምጽፈው፣ ፊደል ከሳትኩ እለፉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ፣ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነኝ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ሰልፍ አለ። አንቺ ግን ገና ማሽን እያስነሣሽ ነው። የማንም ደም ከመግባቱ በፊት ኮንትሮል ታስኬጃለሽ። ኮንትሮል ማለት ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ነው፣ ማሽኑ እሱን በትክክል ካላነበበ የበሽተኛ ደም አታስነኪውም። ሰልፉ ይህን አያውቅም። «እነዚህ ሰዎች ውስጥ ገብተው ሻይ እየጠጡ ነው» ሲባል በጆሮሽ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ደም መቅዳት ነው፣ ሲቢሲው (የደም ሴል ቆጠራው)፣ ኬሚስትሪው (በደም ውስጥ ያለ ጨውና ስኳር የመሰለው ልኬት)፣ ሽንቱ፣ ሰገራው፣ አክታው። አባትሽ ልክ ናቸው፣ ሽንት ታያለሽ። ሁለት ሳምንት ይከብዳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰገራ እያየሽ ምሳ ምን ልብላ ብለሽ ታስቢያለሽ፣ እሙን ነው።

ጭንቅላትሽን የሚበላው ግን ውጤትን መጠራጠር ነው። አንድ ሌሊት የሆነውን ልንገርሽ። ከዋርድ የአንድ ጎልማሳ ሰውዬ ደም መጣ። ኬሚስትሪ ላይ አስገባሁት፣ ፖታሲየም 13 አለኝ። ጤነኛ ሰው ከ3.5 እስከ 5 ነው። ካልሲየሙን አየሁ፣ 2 አካባቢ። ከ8.5 በላይ መሆን ነበረበት። ፖታሲየሙ 13 የደረሰ ሰው እኮ ልቡ ቆሟል ማለት ነው። ዋርድ ደወልኩ። «በሽተኛው እንዴት ነው?» «ደህና ነው፣ ተነሥቶ ሾርባ እየጠጣ ነው» አለችኝ ነርሷ። ያኔ ገባኝ። የሲቢሲው ባለ ሐምራዊ ክዳን ትዩብ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚደረገው ኢዲቲኤ ራሱ ፖታሲየም ያለበት ነው፣ ካልሲየሙን ደግሞ ይይዘዋል። አንድ ሰው ለኬሚስትሪው ቀይ ትዩብ ደም ሲያንሰው ከሐምራዊው ገልብጦ ሞልቶታል።

እንደገና ቅዱ አልኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን የሚል ሰው እንዴት እንደሚወደድ አስቢው። ተቆጡኝ፣ ራሴ ወጥቼ ቀዳሁ። 4.2 ሆነ። ዝም ብዬ ፈርሜ ብልከው ኖሮ ፖታሲየም የሚያወርድ መድኃኒት ሊወጉት ነበር፣ ጤነኛውን ሰውዬ። ሰውየው እስከ ዛሬ አያውቅም። ማንም አመሰግናለሁ አላለኝም፣ እኔም ወርጄ ሪፖርቴን ጻፍኩ።

እንግዲህ አክስትሽ ማሽን ጨርሶታል ላሉት መልሴ ይሄው ነው፣ ያን 13 ያለ ኀፍረት ያተመው ማሽኑ ነው። ወባም ላይ እንዲሁ። ፈጣን ኪት ከመጣ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል ያሉ ነበሩ። ብዙው ኪት የሚፈልገው የወባው ጀርም የሚሠራውን ኤችአርፒ2 የሚባል ፕሮቲን ነው። የዚያን ፕሮቲን ዘረመል የጣለ ፋልሲፓረም፣ ማለትም ክፉው የወባ ዓይነት፣ እኛም አገር ኤርትራም ተገኘ። ሰውየው በወባ እየተንቀጠቀጠ ኪቱ ነጻ ነህ ይለዋል። ስላይድ ላይ ግን ይታያል፣ የሚያይ ዓይን ካለ።

ማዞሩ ይለቃል። እኔ በመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጓደኛዬ እጄ ላይ መርፌ ሲያስገባ ወድቄያለሁ፣ ቁርስ አልበላሁም ነበር። አሁን በጨለማ የደም ሥር አገኛለሁ። ብቻ ከመሙላትሽ በፊት ከዩኒቨርሲቲሽ ደብዳቤ አጽፊና ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ላብ ግማሽ ቀን ቆመሽ እዪ። የእኛን ወሬ አትመኚ።

ደመወዙን አትጠይቂኝ፣ ባለቤቴ ትጠይቀኛለች ይበቃኛል።

ዲግሪ በኪሱ

ወንድም ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን አንተ የገባኸው በደጉ ዘመን ነው። የእኔን ልናገር።

በ2015 ዓ.ም ነው የተመረቅኩት፣ መውጫ ፈተና ሲጀመር የመጀመሪያዎቹ እኛ ነን። አለፍኩ። ከዚያ የሙያ ፈቃድ ፈተና፣ እሱንም አለፍኩ። ከዚያ ምንም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር መቆም ሥራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርኩ። ለሁለት ቦታ ስንፈተን አዳራሹ ሞልቶ ውጪ የቆመ ነበር፣ ግማሹን ከክላስ አውቀዋለሁ፣ ተሳሳቅን፣ ግን ሳቁ ደስ አይልም።

በስንት መከራ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ላብራቶሪው እኔ ነኝ፣ ብቻዬን። ካርድም አወጣለሁ፣ ስልክም አነሣለሁ። እዚያ የሆነውን ሳልነግርሽ አላልፍም። ትኩሳት ያለው ሁሉ ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ ይታዘዝለታል፣ ሰዉ ታይፎይድና ታይፈስ የሚለው። ይሄ ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ የታመመ፣ በሌላ ጀርም የተጠቃ፣ የሁሉም ደም ስላይዱ ላይ ሊቋጠር፣ ማለትም ፖዘቲቭ ሊመስል ይችላል። ታይፎይድን በወጉ የሚለየው ካልቸር ነው፣ ጀርሙን አሳድጎ ማየት፣ እሱ ደግሞ ቀናት ይፈልጋል፣ ክሊኒኩም የለውም። እና ባለቤቱ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ይመጣና «ዛሬ ታይፎይድ የለም እንዴ?» ይለኛል። እንደ ዳቦ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት ቀልድ አለመሆኑን አወቅሁ። «ትንሽም ብትቋጠር ፖዘቲቭ ጻፍ፣ በሽተኛውም መድኃኒት ሳይዝ ቢሄድ ደስ አይለውም» አለኝ። አምስት ወር ቆይቼ ወጣሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፣ አምስቱን ወር ሁሉንም ኔጋቲቭ አልጻፍኩም፣ ተረዱኝ።

አሁን አንድ ዲያግኖስቲክ ማዕከል ናሙና መቀበያ ላይ ነኝ። ደመወዙ ከክሊኒኩ ብዙም አይሻልም፣ ግን የተበላሸ ናሙና ስመልስ ማንም አይጮህብኝም። እህቴ፣ ከገባሽ ግቢ፣ ግን እንደወጣሽ መንግሥት ይመድበኛል ብለሽ አትግቢ።

አቋራጭ

ፋርማሲ ግቢ በቃ። ቢያንስ የራስሽን ሱቅ ትከፍቻለሽ።

ዲግሪ በኪሱ

በምን ብር ወንድሜ? አበድረኝና እኔም እከፍታለሁ።

ፍሬሽ ዘንድሮ

በጣም አመሰግናለሁ፣ አስፈራችሁኝም አስደሰታችሁኝም። የዊዳሉን ለእማዬ ሳነብላት ዝም አለች፣ ባለፈው ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ታይፎይድ ተብላ መድኃኒት ወስዳለች። አንድ የቀረኝ ነገር፣ መርፌ ቢወጋኝስ? እማዬ ከሁሉም የምትፈራው እሱን ነው።

የሌሊት ተረኛ

ይወጋሻል። ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ አንዴም አልተወጋሁም የሚል ካለ ወይ ይዋሻል ወይ አለቃ ነው። እኔን ሁለቴ ወግቶኛል፣ ሁለቱም የተጠቀምኩበትን መርፌ ልከድን ስል። ስለዚህ አትክደኚ፣ ቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ።

ቁጥሩ ከምታስቡት ያነሰ ነው። የኤችአይቪ ደም ባለው መርፌ ከተወጋ ሰው የሚያዘው ወደ 0.3 በመቶ ነው፣ ማለትም ከሺህ ሦስት። ከተወጋሽ ወዲያው በውኃና ሳሙና ታጥቢያለሽ፣ መከላከያ መድኃኒቱን በሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ትጀምሪያለሽ፣ 28 ቀን ትውጫለሽ። ሆድ ያገላብጣል፣ ግን ያልፋል። ሰው የሚረሳው ሄፓታይተስ ቢን ነው፣ እሱ በመርፌ ከኤችአይቪ ይልቅ በጣም ይተላለፋል። ክትባት አለው፣ ሦስት ዶዝ። ልምምድ ከመውጣትሽ በፊት ተከተቢ፣ እስኪነግሩሽ አትጠብቂ። እኛ ስንማር የነገረን የለም።

ጋሽ ስላይድ

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ የምጽፈው በልጅ ልጄ ስልክ ነው። እነዚህ ልጆች እውነት ነው የነገሩሽ፣ እኔም ትንሽ ልጨምር።

በእኛ ጊዜ ሰገራ የሚመጣው በክብሪት ቀፎ ነበር። ዕቃ የት አለ? ለሰውየው ቀፎ ይሰጠዋል፣ የክብሪት ራስ የምታህል ይዘህ ና ይባላል። አንዱ ገበሬ ጣሳ ሙሉ ይዞ መጣ። ይህን ሁሉ ምን ላድርገው ስለው ተቆጣ። «ከሩቅ ነው የመጣሁት፣ ሙሉውን እዩልኝ» አለኝ። ምን ትይዋለሽ?

ሌላው ከዓይኔ የማይጠፋው አንድ ክረምት ነው። ከጉልበት ሥራ የመጡ ወጣቶች፣ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተደራርበው የሚያድሩ፣ በትኩሳት እየነደዱ መጡ። ወባ ይታይላቸው ተብሎ ተላከልኝ። ቀለም ነክሬ አየሁ፣ ወባ የለም። የለም ብዬ ልጽፍ ብዕር አነሣሁ። አስተማሪያችን ግን መቶ ፊልድ፣ ማለት በማይክሮስኮፑ መቶ ቦታ፣ ሳታዩ የለም አትበሉ ይለን ነበርና ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ከስልሳ ምናምን በኋላ ከቀይ ሴሎቹ መሃል አንድ ቀጭን የተጠማዘዘ ነገር፣ እንደ ፀጉር። ቆሻሻ መሰለኝ። ስላይዱን ገፋ አደረግሁ፣ ሌላ። ገፋ አደረግሁ፣ ሦስት። ግርሻ ነበር፣ ቅማል የምታስተላልፈው። ወባ ቢባሉ ኖሮ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሐኪሙን ሮጬ ጠራሁት፣ ያን ያህል ሮጬ አላውቅም።

እንግዲህ መልካሙን ነገርኩሽ። ክፉው ደግሞ ይህ ነው፣ ኃላፊ ሆኜ ዓመታቴ ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያውን ኬሚካል፣ ስጠይቅ አለቁ። በእርዳታ የመጣ ትልቅ ማሽን አይቻለሁ፣ የራሱን ኩባንያ ሪኤጀንት ካልሆነ የማይቀበል። ሪኤጀንቱ ሲያልቅ ግዢ አይደርስም፣ ማሽኑ ጨርቅ ለብሶ እንደ ሙሽራ ይቀመጣል። በሽተኛው ደግሞ ወደ ውጪ ይላካል፣ በራሱ ኪስ። ይህ ሁሉ ሲሆን ስብሰባ ላይ ላብራቶሪውን የሚጠራው የለም።

ትምህርትን በተመለከተ፣ እኔ በዲፕሎማ ጀምሬ ማታ እየተማርኩ ዲግሪ ያዝኩ። አንቺ በዲግሪ ነው የምትጀምሪው፣ ከዚያ በማይክሮባዮሎጂ፣ በሄማቶሎጂ፣ በክሊኒካል ኬሚስትሪ ወይም በፓራሲቶሎጂ ማስተርስ አለ። የጥራት ሥራውንም አትናቂው። ላብራቶሪዎች አይኤስኦ 15189 የሚባለውን ዓለም አቀፍ የጥራት ዕውቅና ለማግኘት ሲሉ ያን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ሰነድ መጻፍ ስጠላ ጊዜዬ አለፈ፣ ከእኔ በኋላ የመጣች ልጅ እሱን ተምራ ዛሬ አሠልጣኝ ናት። ካስኬደሽ ደግሞ ጉለሌ ሂጂ፣ እኛ ፓስተር የምንለው፣ አሁን የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው። ኮሮና የመጣ ጊዜ፣ መጀመሪያ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን እዚያው ፓስተር መሥራት ተጀመረ። ያን የሠሩት የእኛ ልጆች ናቸው።

ሜሪላንድ ነኝ

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልን። የግርሻውን ሳነብ ፀጉሬ ቆመ።

እኔ አገር ቤት አራት ዓመት ላብ ሠርቼ በዲቪ ነው የመጣሁት። መጀመሪያ ሁለት ዓመት አረጋውያን ስንከባከብ ነበር፣ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ተኝቶ። ማንም ስላልነገረኝ ነው እንጂ ያን ያህል መቆየት አልነበረብኝም። ስለዚህ ልንገራችሁ። አሜሪካ የላብራቶሪ ባለሙያ የሚፈተነው ኤኤስሲፒ የሚባል ፈተና ነው። በፊት ዲግሪያችሁ ይመዘናል። ፈተናው 100 ጥያቄ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ 400 ካመጣችሁ አልፋችኋል። እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ያሉት ከዚያ ላይ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሜሪላንድ አይጠይቅም።

እኔን የገደለኝ የደም ባንኩ ክፍል ነው። አገር ቤት የደም ዓይነትና ክሮስማች (የሰጪና የተቀባይ ደም መስማማቱን ማየት) ስሠራ ኖሬያለሁ፣ በተቀባዩ ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ የትኛው እንደሆነ የሚለየውን የአንቲቦዲ ፓነል ግን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። አንዴ ወደቅሁ። ልጄን አስተኝቼ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስድስት ወር አጠናሁ፣ በሁለተኛው አለፍኩ። አሁን ሆስፒታል ሌሊት ነው የምሠራው፣ የሌሊት ክፍያው ስለሚሻል። ብቻዬን ነኝ። ማሽኑ እንደ ባቡር ትዩብ ይዞ ይሄዳል፣ ሰው ፊት አላይም፣ ደም የሚቀዱት ሌሎች ናቸው። አንቺ ሰው ማናገር አልወድም ያልሽው፣ እዚህ ብትመጪ ትጠግቢዋለሽ።

አንድ ቀን ግን ከአፍሪካ የተመለሰ መንገደኛ ስላይድ መጣ። ልጆቹ ተሰብስበው ያዩታል፣ ሙዝ የሚመስል ነገር አለ፣ ምንድን ነው ይባባላሉ። ጠሩኝ። ገና ሳልቀመጥ ፋልሲፓረም ነው አልኳቸው፣ ጋሜቶሳይት፣ ወደ ትንኝ የሚሻገረው የወባው ደረጃ። እንዴት እንዲህ ቶሎ አወቅሽ አሉኝ። በቀን ሰባ ስላይድ ሳይ ነው ያደግሁት ብል አይገባቸውም፣ ፈገግ ብዬ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ቤት ስገባ ለምን እንደሆነ እንጃ አለቀስኩ።

ለሁላችሁም፣ ከአገር ስትወጡ ቴምፖ፣ ጊዜያዊውን የምረቃ ወረቀት፣ ብቻ ይዛችሁ እንዳትወጡ። ኮስት ሼሪንጋችሁን (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳውን) ጨርሱ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱንና የኮርሱን ዝርዝር ያዙ። ከዚህ ሆኖ ሬጂስትራር ማስደወል ምን ማለት እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። ወደ ገልፍ የምትሄዱም እንደዚሁ፣ እዚያ ሰነዱን ዳታፍሎው ያጣራል፣ ከዚያ ፕሮሜትሪክ ትፈተናላችሁ፣ እህቴ በዚያ ነው የገባችው። ግን አንቺ ልጅ፣ ውጪ ለመውጣት ብለሽ ብቻ አትምረጪው። መንገዱ ረጅም ነው፣ ሥራውን ካልወደድሽው መሃል ላይ ትጥዪዋለሽ።

ፍሬሽ ዘንድሮ

ተመለስኩ! ደብዳቤ አጽፌ ዛሬ ጠዋት ሄድኩ። መጀመሪያ መግቢያው ላይ ማነሽ ምንሽ ተባልኩ፣ በኋላ አንዲት እህት ጋውን ሰጥታ አስገባችኝ። ደም ሲቀዳ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዤያለሁ፣ አልወደቅሁም። ቁርስ በልቼ ነበር፣ ምክራችሁን ሰምቼ።

አንድ አባት ሰገራ ይዘው መጥተው ስማቸው ስላልተጻፈበት ስትመልስባቸው አየሁ። በጣም ተቆጡ። እሷ ድምጿን ሳትጨምር «አባባ፣ የሌላ ሰው ውጤት ብሰጥዎት ይሻላል?» አለቻቸው። ዝም አሉ፣ ከዚያ ራሳቸው እስክሪብቶ ጠየቁ። አባዬን እዚያ ባመጣው ብዬ ተመኘሁ።

ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጠችኝ። የሽንት ስላይድ ነው፣ ፈልጊ አለችኝ። ብዙ ፈለግሁ፣ በመጨረሻ አንድ በጣም ትልቅ፣ ፍጹም ክብ፣ ጠርዙ ጥቁርና ወፍራም የሆነ፣ መሃሉ የሚያበራ ነገር አገኘሁ። ልቤ መታ። ስልኬን ሌንሱ ላይ ደቅኜ ፎቶ አነሣሁ፣ እሷ ግን ሰልፍ ስለበዛባት ሳልጠይቃት ወጣሁ። ምንድን ነው እሱ? እንቁላል ነው? ሰውየው ይነገረው?

የሌሊት ተረኛ

አየር ነው። ከመስታወቱ ስር የገባ የአየር አረፋ።

ጋሽ ስላይድ

እኔም በመጀመሪያ ቀኔ ደብተሬ ላይ ስዬዋለሁ ልጄ። ስም ሁሉ አውጥቼለት ነበር።